ሆዱን ሳይዘጉ ለምን ወጡ? የአደጋና የፅኑ ሕሙማን ቀዶ ሐኪም ሥራ

ጎረቤቴ የደወለችልኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ልጇ ባጃጅ ነጂ ነው። ያን ቀን ከአዘዞ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ተገልብጧል። «አፈር ስሆን፣ አንተ ታነባለህ፣ ንገረኝ» አለችኝ። «ኦፕራሲዮን አድርገው አወጡት። ሆዱን ግን አልዘጉትም። በላስቲክ ሸፍነው ነው የተዉት። ተስፋ ቆርጠው ነው አይደል?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ተነስቼ ጎንደር ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አብሬያት ሦስት ሌሊት አደርኩ። ከዳባት የመጡ አባት፣ ከቆላድባ የመጡ እህትማማቾች፣ ከመተማ መንገድ የመጣ የሹፌር ረዳት አብረውን ነበሩ። ሁሉም የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው። እግሩ ተሰብሮ እያዩ ለምን አፉን ይመረምራሉ? ትልቁ ሐኪም የት ሄደ? ይህ ሁሉ ተማሪ ምን ይሠራል? እያዋራን የነበረ ልጅ እንዴት በአንዴ ተዝለፈለፈ?

ከዚያ በኋላ የማውቃቸውን ሐኪሞች ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚያደርሱት ወደ አንድ ሙያ ሆኖ አገኘሁት። የአደጋና የፅኑ ሕሙማን ቀዶ ሐኪም ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያከመ የሚያስተምርና የሚመራመር ከሆነ ደግሞ «አካዳሚክ» የሚል ቃል ይጨመርበታል። ስሙ ረጅም ነው። ሥራውን ቆራርጠን ካየነው ግን ለማንም ይገባል።

«ትራውማ» ሲባል የትኛው ነው?

በቅርብ ጊዜ «ትራውማ አለብኝ» የሚል አባባል በከተማ ልጆች አፍ በርክቷል። የነፍስ ቁስል፣ ከክፉ ትዝታ የሚመጣ ጭንቀት ማለታቸው ነው። ትክክል ናቸው፤ ቃሉ ለዚያም ያገለግላል። መነሻው ግን ግሪክኛ ነው፣ ፍቺውም «ቁስል» ነው። ቀዶ ሐኪም ትራውማ ሲል አካል ላይ ከውጭ የመጣ ጉዳት ማለቱ ነው። የመኪና ግጭት፣ ከፎቅ ወይም ከዛፍ መውደቅ፣ ጥይት፣ ጩቤ፣ የበሬ ወግ፣ ቃጠሎ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመኪና አደጋ ብቻ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው ምክንያት ይኸው ነው። ማለትም ተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ አዲስ ሙሽራው ናቸው።

ከሌላው ቀዶ ሐኪም በምን ይለያል?

አብዛኛው ቀዶ ሐኪም በሽተኛውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ቀጠሮ አለ፣ የላብራቶሪ ውጤት አለ፣ ምግብ ሳይበላ አድሯል። የአደጋ ቀዶ ሐኪም ይህ ሁሉ የለውም። ሰውየው ስሙን እንኳ ሳይናገር ሊመጣ ይችላል። የሚደማው ከየት እንደሆነ አይታወቅም። ለማሰብ ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ሌላው ልዩነት፣ ሥራው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ አያበቃም። በሽተኛው ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ሐኪሙ አብሮት ይገባል። መተንፈሻ ማሽኑን፣ ደሙን፣ ኩላሊቱን፣ ምግቡን ይከታተላል። ለዚህ ነው ሁለቱ ስሞች አብረው የተሰፉት።

በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእኛ አገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ በጠቅላላ ቀዶ ሐኪሞች፣ በአጥንት ሐኪሞች፣ በማደንዘዣ ባለሙያዎችና በድንገተኛ ሐኪሞች መካከል ይከፋፈላል። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ራሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ2003 ዓ.ም ገደማ ነው። ስለዚህ ጎንደር ውስጥ «የአደጋ ቀዶ ሐኪሙን ጥሩልኝ» ብትሉ የሚመጣው አንድ ሰው ሳይሆን ቡድን ሊሆን ይችላል። ሥራው ግን ያው ነው።

እግሩ ተሰብሮ እያዩ ለምን አፉን ይመረምራሉ?

የዳባቱ አባት በጣም የተናደዱት በዚህ ነበር። የልጃቸው እግር ተጣሟል። ሐኪሞቹ ግን አፉን ከፍተው ያያሉ፣ ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ሆዱን ይጫናሉ።

ቅደም ተከተሉ የሚወሰነው «ቶሎ የሚገድለው የቱ ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው። ከውጭ የሚፈነጥቅ ደም ካለ ወዲያው ይታፈናል። ቀጥሎ አየር የሚገባበት መንገድ ክፍት መሆኑ ይታያል፤ ተዘግቶ ከቆየ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ከዚያ ሳንባው ይሠራል ወይ? ከዚያ ደም የት ይፈስሳል? ከዚያ ጭንቅላቱ። በመጨረሻም ልብሱ ተቀድዶ መላ ሰውነቱ ይታያል፣ ወዲያው ደግሞ እንዳይበርደው ይሸፈናል። የተሰበረ እግር ያማል፣ ያስፈራል። ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ይታገሣል። የታፈነ ጉሮሮ አይታገሥም።

ይህ ሥርዓት የመጣው ከአንድ አባት ኀዘን ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ጄምስ ስታይነር የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ነብራስካ ውስጥ ወደቀች። ባለቤቱ ሞተች። ከአራት ልጆቹ ሦስቱ በጽኑ ተጎዱ። የደረሱበት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ያገኙት ሕክምና በጣም አሳዘነው። እሱ በባዶ እጁ ሜዳ ላይ ካደረገላቸው ያነሰ ሆኖ አየው። ባልደረቦቹን አሰባሰበና ማንኛውም ሐኪም በየትኛውም ገጠር ሆስፒታል በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲሠራ የሚያደርግ ሥልጠና አዘጋጁ። የመጀመሪያው ሥልጠና በ1978 ተሰጠ። በ1980 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተቀበለው። ዛሬ ዓለም ሁሉ ይማረዋል። የዳባቱ አባት ያዩት ያን ነው።

እያወራ የነበረ ሰው እንዴት በድንገት ይዝለፈለፋል?

አንድ ጎልማሳ ሰውነቱ ውስጥ ወደ 5 ሊትር ደም አለው። ወጣት ሰው ሲደማ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የእጅና የእግር ደም ሥሮቹ ይጠባሉ። ሰውነት ያለውን ደም ለአንጎልና ለልብ ይቆጥባል። ስለዚህ ከደሙ ሲሦ ያህሉ እስኪፈስ ድረስ የደም ግፊቱ ደህና ሊመስል ይችላል። ያወራል፣ ውሃ ይጠይቃል፣ «ደህና ነኝ» ይላል። ቁጠባው ሲያልቅ ግን በአንዴ ነው የሚወድቀው።

ፊቱ የገረጣ፣ እጁ የቀዘቀዘ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ የሚቁነጠነጥ ሰው ካያችሁ «እያወራ ነው እኮ» ብላችሁ አትዘናጉ። ሐኪሞቹ እጁን የሚዳስሱት ለዚህ ነው።

ሆዱን ሳይዘጉ ለምን ወጡ?

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ እንምጣ። እኔንም ብዙ ያስገረመኝ ይኼ ነው።

ልጁ ጉበቱ ተሰንጥቆ ነበር። ሆዱ በደም ተሞልቷል። እኛ የምናስበው እንዲህ ነው፦ ጥሩ ሐኪም ከሆነ የተቀደደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰፍቶ፣ አስተካክሎ፣ ዘግቶ ይወጣል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ያስቡ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በሥነ ሥርዓት ያልቃል። በሽተኛው ግን ይሞታል።

ለምን? ብዙ የደማ ሰው ሦስት ነገሮች አብረው ይይዙታል። ይቀዘቅዛል። ደሙ አሲድ ይበዛበታል። ደሙ መርጋት ያቆማል። ሦስቱ ደግሞ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ወተት አስቡ። ደባርቅ ላይ በብርድ ወራት ወተት ለማርጋት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሰሜን እናቶች ያውቃሉ። ደምም ሲበርድ አይረጋም። ካልረጋ ይደማል፤ ሲደማ የበለጠ ይበርዳል፤ አሲዱ ይጨምራል፤ መርጋቱም ከነጭራሹ ይጠፋል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞቹ መጨነቅ ይጀምራሉ። ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ በቆየ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ ይወርዳል። ስፌቱ ቢያምርም የሚሰፋው ሰው እያለቀ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡ ተገለበጠ። በክረምት መሀል ሌሊት የቤታችሁ ቆርቆሮ ቢገነጠል ምን ታደርጋላችሁ? ዝናቡ እየወረደ አናጢ ጠርታችሁ ማገር አታስለኩም። ሸራ ታለብሱታላችሁ፣ ድንጋይ ትጭኑበታላችሁ፣ ልጆቹን ታሞቃላችሁ። ሲነጋ፣ ሲያባራ፣ ጥገናው ይጀመራል።

የአደጋ ቀዶ ሐኪሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሁለት ነገር ብቻ ይሠራል፦ ደሙን ያቆማል፣ ከተቀደደ አንጀት የሚፈስሰውን ይዘጋል። ጉበቱ ዙሪያ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀጥቅና ይወጣል። ከዚያ ልጁ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ይሞቃል፣ ደም ይሰጠዋል፣ አሲዱ ይስተካከላል። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰውነቱ ሲረጋጋ፣ ተመልሶ ኦፕራሲዮን ክፍል ይገባል። ጨርቁ ይወጣል፣ ጥገናው በእርጋታ ይሠራል። አንዳንዴ ለሦስተኛ ጊዜም ይገባል።

ሆዱ ክፍት የሚሆነው ተመልሰው ስለሚገቡ ብቻ አይደለም። አንጀት ከብዙ ደምና ፈሳሽ በኋላ ያብጣል። ያበጠውን በግድ ዘግቶ መስፋት ከልክ በላይ የተሞላ ጆንያ አፍን ጎትቶ እንደማሰር ነው። ውስጥ ያለው ግፊት ኩላሊትን ያፍናል፣ ሳንባን ወደ ላይ ይገፋል። ላስቲኩ ለጊዜው እንደ ቆዳ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ አሠራር «የጉዳት ቁጥጥር» የሚል ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 የፊላደልፊያ ሐኪሞች ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ስሙን ከባሕር ኃይል ነው የተዋሱት። የተመታች መርከብ ባሕር ላይ አትጠገንም፤ እንዳትሰጥም ብቻ ተደርጋ ወደብ ትደርሳለች።

ስለዚህ ለጎረቤቴ መልሱ ይህ ነው፦ ሆዱን ሳይዘጉ የወጡት ተስፋ ስላላቸው ነው። ተስፋ የተቆረጠበት ሰው ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ደም አይዘጋጅለትም።

ፅኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ቀዶ ሐኪም ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን «አይሲዩ ገባ» ሲባል ለቅሶ እንጀምራለን። የመሞቻ ክፍል ይመስለናል። በእርግጥ የሚሞት አለ። ክፍሉ የተሠራው ግን ለሚድን ሰው ነው። ከሌላው ክፍል የሚለየው በዋናነት በአልጋው ወይም በማሽኑ አይደለም፤ ዓይን ስለማይነቀልበት ነው። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሹፌር ትንሽ ዘና ሊል ይችላል። ሊማሊሞን የሚወርድ ሹፌር ግን ከመሪው ላይ እጁን አያነሣም። በየደቂቃው መታጠፊያ አለ። ፅኑ ሕሙማን ክፍል እንደዚያ ነው።

የዚህ ክፍል አጀማመር ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል። ብዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብቶ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ግን ማን ይጨምቀው? ወደ 1,500 የሚሆኑ ተማሪዎች ተጠሩ። ፈረቃ ገብተው፣ ቀንና ሌሊት፣ ለሳምንታት፣ በእጃቸው እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል ሐሳብ ከዚያ ተወለደ። የመጀመሪያው ክፍል በቀጣዩ ዓመት ተከፈተ።

ልብ በሉ፣ ያን ክፍል ያቆሙት የተማሪ እጆች ናቸው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተማሪ ምን ያደርጋል?

«ልጄን መለማመጃ አደረጉት» የሚል ቅሬታ ኮሪደሩ ላይ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ሰው የወለደው ተኝቶ አሥር ጋዋን የለበሰ ወጣት ሲከበው ይደነግጣል።

መሰላሉን ማወቅ ይረዳል። ከታች የሕክምና ተማሪ አለ፤ ይመለከታል፣ ይጠይቃል። ቀጥሎ ኢንተርን አለ፤ ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ደም የሚቀዳ፣ ካርድ የሚጽፍ፣ ሌሊቱን የሚሮጥ። ቀጥሎ ሬዚደንት አለ። ሬዚደንት ተማሪ ቢባልም ሐኪም ነው። በሕክምና ተመርቆ፣ ብዙ ጊዜም አገልግሎት ሰጥቶ፣ አሁን ቀዶ ሕክምና እየተማረ ነው። የአንደኛ ዓመቱና የአራተኛ ዓመቱ እኩል አይደሉም። ከላይ ሲኒየሩ፣ ማለትም ሥልጠናውን የጨረሰው ስፔሻሊስት፣ አለ። አስቸጋሪው ውሳኔ የእሱ ነው፣ ተጠያቂነቱም የእሱ ነው።

ሲኒየሩ ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ አይታይም። ይህ ማለት አልጋውን ረስቷል ማለት አይደለም። በጠዋት ሁሉም ለ«ሞርኒንግ» ይሰበሰባሉ። ሌሊቱን የገባው በሽተኛ ሁሉ ይቀርባል። ለምን ይህን አደረግህ? ለምን ደም አልጠየቅህም? ለምን አልደወልክልኝም? ጥያቄው ከባድ ነው። ከዚያ ራውንድ ይወጣሉ፤ አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ሕሙማኑን ያያሉ። በየጊዜው ደግሞ የሞቱና የተወሳሰበባቸው ሕሙማን የሚገመገሙበት ስብሰባ አለ። ዓላማው ያ ስሕተት እንዳይደገም ነው። ብዙ ዓይን ያለበት አልጋ ላይ ስሕተት ቶሎ ይታያል። እኔ ብተኛ የምመርጠው የሚጠየቅ ሐኪም ያለበትን ክፍል ነው።

በዚህ ጎንደር የቆየ ታሪክ አላት። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚህ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች አብረው ይሠለጥኑ ነበር። ወደ ገጠርም አብረው ይወጡ ነበር። የሐኪሞች ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው። ማከምና ማስተማር እዚህ ከተማ ውስጥ ከጅምሩ አንድ ቤት ነው የኖሩት።

ምርምሩስ ለእኛ ምን ይፈይዳል?

«አካዳሚክ» የሚለው ቃል ሦስተኛ እግሩ ይኸው ነው። ሐኪሙ ያክማል፣ ያስተምራል፣ ይመራመራል። ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር እየተባለ የሚያድገውም በማስተማሩና በምርምሩ ነው። ሰው ግን «ወረቀት ከሚጽፍ አንድ ሰው ቢያክም አይሻልም?» ይላል። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

አንደኛው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት ነው። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። የቆየ ነው፣ ርካሽ ነው። አደጋ ለደረሰበት ሰው ይጠቅም እንደሆነ ግን አይታወቅም ነበር። ተመራማሪዎች በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች፣ ከ20 ሺህ በላይ ጉዳተኞችን አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከ100 ሰው 16 ሞተዋል፤ ከወሰዱት 14.5። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ በሚደሙ ሰዎች ቁጥር አባዙትና እዩት። ሌላም ነገር ተገኘ፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ካልተሰጠ አይጠቅምም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ከዛምቢያ ነው። ሉሳካ ውስጥ በከባድ ኢንፌክሽን የደም ግፊታቸው የወረደ 209 ጎልማሶች ተጠኑ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው። ግማሾቹ በሀብታም አገሮች የተለመደውን፣ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት የመስጠት አካሄድ አገኙ። ግማሾቹ የሆስፒታሉን የተለመደ ሕክምና አገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ብዙ ፈሳሽ ካገኙት 48 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 33 በመቶ መሞታቸው ታወቀ። ሌላ ቦታ ሰውን ያዳነ ሕክምና እዚህ ሊገድል ይችላል ማለት ነው። መተንፈሻ ማሽን በማይበቃበት፣ የበሽታው ዓይነት የተለየ በሆነበት፣ ሕመምተኛው ዘግይቶ በሚመጣበት ቦታ የሚሠራውን ማወቅ የሚቻለው እዚያው በማጥናት ነው። «ግሉኮስ ጨምሩለት እንጂ!» ብለን ነርሷን ስንቆጣ ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ምርምሩ ከዚህ ያነሰም ይሆናል። ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ በምን ተጎዳ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን መጣ፣ ምን ተደረገለት፣ ዳነ ወይስ ሞተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። የትኛው መታጠፊያ ላይ ባጃጅ እንደሚገለበጥ፣ ወጌሻ ጋ አጥብቆ የታሰረ ስንት እግር ጠቁሮ እንደመጣ።

ብዙ ሰው በአንዴ ሲመጣስ?

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም ጎንደር አትረሳውም። በጥምቀት ዕለት ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ላይ ለታዳሚዎች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደረመሰ። ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፣ ከመቶ በላይ ተጎዱ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያደርጉት መለየት ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቀለም ይጠቀማሉ። ቀዩ አሁኑኑ ካልታከመ የሚሞት ነው። ቢጫው ትንሽ ይጠብቃል። አረንጓዴው በእግሩ የሚሄድ ነው። ጥቁሩ ያረፈ፣ ወይም ባለው አቅም ሊድን የማይችል ነው። ለቤተሰብ በጣም የሚከብደው እንዲህ ነው፦ የሚጮኸው ወገኑ ይታለፍና ዝም ያለው ይነሣል። የሚጮህ ሰው ግን እየተነፈሰ ነው። አስፈሪው ዝም ያለው ነው።

እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

በእኛ አገር የሕክምና ትምህርት ከኢንተርንነቱ ጋር ከ6 እስከ 7 ዓመት ነው። ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ 4 ዓመት። በመሀል አገልግሎት አለ። ከዚያ በላይ የሚሄድ ፌሎሺፕ የሚባል ልዩ ሥልጠና ይጨምራል። በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ 4 ዓመት ኮሌጅ፣ 4 ዓመት ሕክምና፣ 5 ዓመት ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ዓመት የፅኑ ሕሙማንና የአደጋ ሥልጠና ነው። በየትኛውም መንገድ ሰውየው ራሱን ችሎ ሲቆም ሠላሳውን አልፏል። እኩዮቹ ልጅ ድረው ባይሆንም ቤት ሠርተዋል። እሱ ገና ዲዩቲ ያድራል።

መርዶውን ማን ይናገራል?

ይህን ክፍል መተው አልቻልኩም። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ከቆላድባ የመጡት እህትማማቾች ወንድማቸውን አጡ።

እኛ መርዶ የምንነግረው በሥርዓት ነው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሰውየው ቤት ተሂዶ። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ጊዜ የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀው፣ ሐኪሙ መናገር አለበት። ይህም የሚማሩት ነገር ነው። ቁጭ ብሎ መናገር፣ ፀጥ ያለ ቦታ መፈለግ፣ በሽተኛውን በስሙ መጥራት፣ «ሞቷል» የሚለውን ቃል አለመሸፋፈን፣ ከዚያ ዝም ማለት።

ያን ሌሊት የወጣው ሬዚደንት መጀመሪያ የጠየቀው «ከእናንተ ጋር ታላቅ ሰው አለ?» ብሎ ነበር። የዳባቱ አባት ሳያውቋቸው ተነሥተው አጠገባቸው ቆሙ። ይህን ከፈረንጅ መጽሐፍ አልተማረውም። እዚሁ አድጎ ያወቀው ነው።

እኛስ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ ምን እናድርግ?

የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። ነጠላም ይሆናል። እየገለጣችሁ አትዩ፤ ዝም ብላችሁ ተጫኑ። የተጎዳውን ሰው ጎብጦ ባጃጅ ውስጥ አታስገቡት። ከተቻለ ሳንቃ ላይ አንጋላችሁ፣ አንገቱን ይዛችሁ አንሡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። በጋቢ ሸፍኑት፤ ስለ ወተቱ ያልኩትን አስታውሱ።

ውሃ አትስጡት። ይህ ለእኛ ከባድ ነው። የተጠማ ሰው ውሃ መከልከል ነውር ይመስለናል። ነገር ግን ማደንዘዣ ሲሰጠው ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን አርጥቡለት፣ ይበቃል።

አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ደግሞ ያዙ። የዚያ ርካሽ መድኃኒት 3 ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጎረቤቴን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተጋጨው?» ሲሏት ሰዓት አላየችም ነበር። ግን አሰበች። ከመንገዱ ዳር የደወለላት ልጅ ስልኩ ሲጠራ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ከሰዓት ቡና የምታፈላው ሁልጊዜ በ9 ሰዓት ነው። «9 ሰዓት ተኩል» አለቻቸው። ሬዚደንቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ነርሷን ጠራት። ገና 11 ሰዓት አልሞላም ነበር።